መምህር ጌታሁን ያልጨረሰው ዓረፍተ ነገር

መምህር ጌታሁን ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲጨርሱለት ኖረዋል።

ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ይገባና "ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታወር…" ይላል። ሹፌሩ የድሮ ተማሪው ስለሆነ ፊቱን ሳያዞር "…ደኛለህ!" ብሎ ይጨርስለታል። ማን ማንን እንደሚያወርድ ሁለቱም አይጨነቁበትም። መድኃኒት ቤት ገብቶ "ጨጓራዬን ያቃ…" ሲል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሄርሞን ብቻ ሳትሆን ወረፋ የያዙትም ሰዎች በአንድ ድምፅ "…ጥለኛል!" ይላሉ። ከእነሱ አንዱ የመጣው ጥርሱን አሞት ነው። ጌታሁን መጀመሪያ አሥራ አምስት ዓመት ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሮቢት መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምሯል። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በታች ያለው የአካባቢው ሰው፣ ሳይንስ ያውቅም አያውቅም፣ የጌታሁንን ቃል ከጅራቱ መያዝ ያውቃል።

በዚህ ትምህርት ያላለፈች አንዲት ሴት አለች፤ ሚስቱ ብርኽቲ። ቤተሰቦቿ ከዋጃ ወዲያ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እሷም ገበያው አጠገብ በርበሬና ጨው የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የመጠበቅ ልማድ የላትም።

"ዛሬ እኮ ምሳ አል…" ይላል ጌታሁን ከሥራ ገብቶ።

"…ሠራህም!" ትለዋለች።

"እኔ ለዚህ ቤት ብዙ የደ…"

"…በቅክ! አውቃለሁ። የት እንደደበቅከው ብቻ ንገረኝ።"

ልማዱ ቀስ በቀስ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጣው በአንድ ቀን ነው። ጌታሁን ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቶ መጀመሪያ ክፍል የገባ ዕለት ዘጠና ሁለት ልጆችና አንድ መጽሐፍ ጠበቁት። መጽሐፉም የተዋሱት ነበር። ስለ ውሃ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም አለ። ክፍሉም ዝም አለ። ዘጠና ሁለት ልጅ አንድ ላይ ዝም ሲል ለሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ የሚከብድ ነገር ነው። ተደናግጦ ሦስተኛውን ጀመረ፤ "ውሃ ሲሞቅ ይተ…" አለና ጉሮሮው ተዘጋ። ከኋላ አንድ ልጅ "…ናል!" አለ። ሌሎቹ ተከተሉት። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የጌታሁን ጉሮሮ ክፍት ነበር፤ ሆን ብሎ ቆመ። ዘጠና ሁለቱም እንደገና "…ናል!" አሉ። የዚህኛው መጨረሻ "…ናል" አልነበረም። ቢሆንም የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ በመስኮት የሚያልፈው ርእሰ መምህርም አዲሱ ልጅ ጎበዝ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ስሙን ቀየረ፣ መጽሐፉ ሽፋኑን ቀየረ፣ በጦርነቱ ጊዜ ዴስኮቹ ማገዶ ሆነው ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጌታሁን ዓረፍተ ነገሮች ግን እንደተሰበሩ ቀጠሉ። "ልብ ደምን ይረ…" "…ጫል!" "አጥቢ እንስሳት ልጆቻቸውን ያጠ…" "…ባሉ!" ከዚያ በየምዕራፉ መጨረሻ፣ "ገባች…" "…ሁ!" ገብቷቸው እንደሆነ የሚጠይቀውን ጥያቄ ራሳቸው ስለሚጨርሱለት መልሱን የሚጠብቅበት ጊዜ አልተረፈም።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ጆሯቸው የሠለጠነ ነበር። ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ባያውቁም የመምህሩ ድምፅ ሲወርድ ሁለት ፊደል፣ ሲወጣ ሦስት ፊደል እንደቀረ ያውቃሉ። ሐሳብ የሚባለው ነገር መምህሩ አፍ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ፣ የእነሱ ድርሻ ደግሞ ጭራውን ይዞ መጎተት እንደሆነ ተምረዋል። ፈተናው "ባዶ ቦታውን ሙሉ" ስለነበር ውጤታቸው አልከፋም። የሚቸገሩት ባዶ ቦታው ባልተሰመረበት ሁሉ ነበር።

"አንድ ተማሪህ ሱቅ መጣ" አለችው ብርኽቲ አንድ ቀን። "ምን ልስጥህ ስለው ዝም ብሎ ያየኛል። 'በር…' ስለው '…በሬ!' አለ። ግማሽ ኪሎ ሰጥቼ ሸኘሁት። የተላከው ለጨው ነበር፤ እናቱ መጥታ ጮኸችብኝ።"

"ፈጣን ልጅ ነው" አለ ጌታሁን።

ከተሰበሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጌታሁን የሚወደው ምዕራፍ አራት ላይ ያለውን ነበር። "ጎርፍ ለአፈር ጠ…" ሲል "…ላት ነው!" የሚለው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ይሰማል፤ ከጎብዬ የሚመጡ መንገደኞች በመኪናው መስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በራያ ቆላ ማሽላ የሚያበቅለው ሜዳው ላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለም፤ እሱ አቧራ ከማጥፋት አያልፍም። የሚያበቅለው በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ነው። ተራራው ሲጠቁር፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ እያለ፣ ሰዉ አካፋ ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ጎርፉን በድንጋይና በእሾህ ጠልፎ ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ እርሻ ያስገባዋል። ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሰው ይመርጣሉ፤ የውሃ አባት ይሉታል። የውሃ አባት "በቃ" ካለ፣ እርሻህ ጠገበም አልጠገበም፣ ትዘጋለህ።

እንግዲህ ልጆቹ ጠዋት "ጠላት ነው!" ብለው ይጮሁና ከሰዓት ጠላትን እጁን ይዘው አባታቸው እርሻ ያስገቡታል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህ አንድም ሰው አላስገረመም። የክፍሉ ጎርፍና የወንዙ ጎርፍ ተዋውቀው አያውቁም። ጌታሁን ራሱ ከአባቱ የወረሰው የማሽላ መሬት ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት አለ። እሱም የሚጠጣው ጎርፍ ነው። ባለፈው በልግ የውሃ አባቱ በድረዲን "በቃ፣ ዝጋ" ሲለው "ገና አልጠገበም" ብሎ የቦዩን አፍ በገዛ አካፋው አሰፋው። የገባው አሸዋ ሆነ። መሬቱ ግማሹ ተበላሸ፤ ጌታሁንም አኮረፈ፣ ያኮረፈው ደግሞ በድረዲንን ነው። በዚያው ሳምንት ክፍል ገብቶ ጎርፍ ለአፈር ጠ… ብሏል።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ። የአሁኑ ርእሰ መምህር እንዳለው የሚባል የድሮ ተማሪው ነው፤ ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጠው።

"ቲቸር፣ የመምህራን ምዘና ነው። ሁለት መዛኞች ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ ያዩዎታል። ከመቶ ስልሳ ያላመጣ…"

ጌታሁን ደብዳቤውን ወስዶ አነበበ። "ከስልሳ በታች ያመጣ መምህር ከክፍል ይወ…"

"…ጣል!" አለ እንዳለው። ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ። "ይቅርታ ቲቸር። ለምዶብኝ ነው።"

ከክፍል የሚወጣ መምህር የት እንደሚገባ ጌታሁን ያውቃል። በግቢው ጥግ ዕቃ ቤት አለ። ባለፈው ዓመት ያላለፈ የሒሳብ መምህር እዚያ ተቀምጦ ጠዋት መጥረጊያ ያወጣል፣ ማታ መጥረጊያ ያስገባል። ጌታሁን ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቀሪ ዕድሜውን ከመጥረጊያ ጋር ሲነጋገር አሰበው። መጥረጊያ ምንም ነገር አይጨርስም።

የምዘናው ቅጽ አሥር ረድፍ ነበረው፤ እያንዳንዱ አሥር ነጥብ። ሦስተኛው "ተማሪዎች በጅምላ አይመልሱም" ይላል። አራተኛው "ተማሪ በራሱ ቃል ያስረዳል።" ስድስተኛው "መምህሩ ይዘቱን ጠንቅቆ ያውቃል።" ሰባተኛው "ትምህርቱ ከመጽሐፉ ጋር የተጣጣመ ነው።" በዕቅዱ መሠረት በምዘናው ሳምንት የሚሰጠው ምዕራፍ አራት ነበር።

እሑድ ከሰዓት ጌታሁን ጓዳው በር ላይ ቆሞ ልምምድ ጀመረ። ብርኽቲ በርበሬ እየለቀመች ነበር።

"ጎርፍ ለአፈር ጠ…" አለ። ቆመ። ጠበቀ።

"ጨርሰው" አለች።

"ጠ…"

"ዋእ! ጨርሰዋ አንተ ሰውዬ! ማንን ትጠብቃለህ?"

"ቆይ ይመጣል።"

"አውቶቡስ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ቃሉን ያውቀዋል፤ ጻፍ ቢሉት ይጽፈዋል። ነገር ግን የራሱን ዓረፍተ ነገር እስከ ዳር ድረስ የሄደበትን ጊዜ አያስታውስም። አፉ እዚያ ጋ ሲደርስ ተራውን ለሌላ ይለቃል። ታግሎ ታግሎ "ጠላት ነው" አለ። በራሱ ድምፅ ሲሰማው ቃሉ ተንሸዋረረበት። ስልሳ ልጅ ሲጮኸው የተረጋገጠ ነገር ይመስል ነበር፤ አንድ ሰው ጓዳ በር ላይ ሲለው ግን ሰው የሰጠው አስተያየት መሰለ።

"የማን ጠላት?" አለች ብርኽቲ።

"የአፈር።"

"የእኛ ማሽላ በምንድን ነው የሚበቅለው?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ሌላ ምን?"

"እሱ ሳይንስ አይደ…"

"…ለም። እሺ፣ ምንድን ነው ታዲያ?"

"ማሽላ ነው" አለ ጌታሁን፤ ተናዶ ስለነበር ሳያስበው ጨረሰው።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠረ። አምስት ተማሪዎች መርጦ አምስት መልስ በአምስት ብጣሽ ወረቀት አደላቸው። ለቀሩት ደግሞ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ፦ ሰዎቹ ባሉበት፣ ቃሉን ብቆርጠው እንኳ፣ ማንም አፉን እንዳይከፍት። የጎርፉን መልስ የሰጠው ለኢኽላስ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ የውሃ አባቱ የበድረዲን ልጅ ናት። የውሃ አባት ልጅ ጎርፍ ጠላት ነው ካለች መዛኞቹ ምን ይላሉ ብሎ አስቦ ነው።

"ጎርፍ ለአፈር ምንድን ነው ስልሽ፣ 'ጠላት ነው፣ አጥቦ ይወስደዋል' ትያለሽ።"

"የትኛው ጎርፍ ቲቸር?"

"የመጽሐፉ።"

"የመጽሐፉ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከገጽ ሠላሳ ስምንት። አንቺ ዝም ብለሽ ያልኩሽን በይ።"

"እሺ" አለች ኢኽላስ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈች። "አባቴ ብቻ እንዳይሰማ።"

ምዘናው ሚያዝያ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ነበር። በዚያ ንጋት ተራራው ላይ ዘነበ። ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ሲመጣ ድምፁ ክፍል ውስጥ ተሰማ። መዛኞቹ ሦስት ሰዓት ሲገቡ ከሃምሳ ስምንቱ ተማሪዎች የተገኙት ሠላሳ አንድ ነበሩ። መልስ ከታደላቸው አምስቱ መካከል አራቱ ጎርፍ ላይ ናቸው። ኢኽላስ ብቻ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና እየሮጠች መጥታ ፊት ተቀመጠች።

አንደኛው መዛኝ አቶ ዘካሪያስ ይባላል። የደጋ ሰው ነው፤ ጎርፍ የሚያውቀው ድልድይ ሲወስድ ነው። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ፈሪሀ ጎብዬ አካባቢ ያደገች፣ ለብዙ ዓመት አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ።

"የቀሩት ተማሪዎች የት ሄዱ?" አለ ዘካሪያስ።

"ጎርፍ መጥቶ ነው" አለች ኢስራ የምትባል ልጅ፣ ከመሃል።

የዘካሪያስ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። "እግዚኦ! የሞተ አለ?"

"ኧረ የለም! ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።"

ፈሪሀ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ጌታሁን ጀመረ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ደህና ሄደለት። የአፈር ዓይነቶችን ከሰሌዳው እያነበበ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን በጥንቃቄ ዳር እያደረሰ ተጓዘ፤ ላብ ግን አጥለቀለቀው። ከዚያ ወደሚወደው ቦታ ደረሰ፣ ድምፁም በልማዱ ከፍ አለ።

"ጎርፍ ለአፈር ጠ…"

ሠላሳ አንድ አፍ እንደተዘጋ ቀረ። አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን በጣታቸው ጨብጠዋል። ጌታሁን ጠበቀ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የሰማው ዝምታ ተመልሶ መጣ፤ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አልነበረም። መውጫ ፍለጋ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ወረወረ፤ እዚያም የራሱን መሬት አየ። ቡናማ ውሃ እየገባበት ነበር። ማን አስገባው? ምን ዓይነት ነው? አሸዋ ቢሆንስ? የዘካሪያስ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ይሰማል።

"ኢኽላስ" አለ ጌታሁን ከመስኮቱ ሳይነቀል፣ "ጎርፍ ለአፈር ምንድን ነው?"

ኢኽላስ ተነሣች። ወረቀቷን ከኪሷ አወጣች፤ ረጥቦ ጨርቅ መስሏል። ታጥቧል።

"የትኛው ጎርፍ ቲቸር?" አለች።

ልጆቹ ሳቁ። ጌታሁን "የመጽሐፉ" ማለት ነበረበት፤ ያዘጋጀውም ይህንኑ ነበር። ዓይኑ ግን መሬቱ ላይ ነው።

"ስንት ዓይነት አለ?" አለ።

ይህ ጥያቄ ሙሉ ነበር። መልሱን ስለማያውቀው የሚቆርጥበት ቦታ አላገኘለትም።

"ብዙ ነው" አለች ኢኽላስ። "መጀመሪያ ቅጠልና የፍየል በጠጥ ጠርጎ የሚመጣው አለ። እሱን ማንም አይመልሰውም፤ ደለሉ ወፍራም ስለሆነ ማሽላው ይጠቁርበታል። ቀዩ ደግሞ አለ፤ እሱ ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ይለቀቃል። ድንጋይ ሲያንከባልል ከተሰማ ግን አሸዋ ይዟል ማለት ነው። ያኔ ተራህ ቢሆንም ትዘጋለህ። ካልዘጋህ ያጥብሃል ወይ አሸዋ ያለብስሃል።"

"ዋሽታለች!" አለች ኢስራ ከመሃል ተነሥታ። "ቀዩ ነው የሚሻለው! እኛ ሁልጊዜ ቀዩን ነው ሙሉውን የምናስገባ።"

"የእናንተማ እርሻ ዘቅዛቃ ስለሆነ ነዋ! ውሃው አይተኛበትም። ሜዳ ላይ ብታስገቢው መሬቱ ይሰነጠቃል።"

"ካረሱት አይሰነጠቅም!"

"ወዲያው ካረሱት ነዋ! ሁለት ቀን ካደረ በሬውም አይገባበት።"

ከግራ በኩል ሌላ ልጅ አያቴ እንዲህ ይላል ብሎ ገባ፤ ከቀኝ የተነሣው አያትህ ዓይኑ አያይም ብሎ መለሰለት። ሠላሳ አንዱም ተነሡ። "ስለሆነ"፣ "ካልሆነ ግን"፣ "እሱ ልክ የሚሆነው" የሚሉ ቃላት ክፍሉን ሞሉት። እነዚህ ቃላት እስከዚያ ቀን ከአካፋው ጋር ደጅ የሚቀሩ ነበሩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ነበሩ፤ አንዱ ከጀመረው ሌላው የሚቀጥለው የቀረውን ፊደል ሳይሆን የቀረውን ነገር ነበር፤ ብዙ ጊዜም ለመቃወም።

"እሺ፣ እሺ!" አለ ጌታሁን። "የእኔ መሬት ባለፈው በልግ አሸዋ የበላው ለምንድን ነው?"

ኢኽላስ መሬት መሬት አየች።

"ንገሪኝ።"

"ድንጋይ ሲያንከባልል እየተሰማ ነው ያሰፉት ቲቸር። አባቴ 'በቃ' ብሎዎት ነበር።"

"አልሰማሁትም።"

"ሰምተዋል። 'ዝም በል' ብለውታል።"

ከኋላ የፈሪሀ ሻርፕ ሳቅ መሸፈን አቃተው። ጌታሁን ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ዛሬስ? አሁን የሚገባው የትኛው ነው?"

ልጆቹ ወደ መስኮቱ ጎረፉ። ፈሪሀም ተነሥታ ከኋላቸው ቆመች።

"ቅጠል አለበት! የመጀመሪያው ነው!"

"ማን አስገባው?" አለ ጌታሁን።

"አባቴ" አለች ኢኽላስ። "ዛሬ ቲቸር ፈተና ላይ ናቸው አልኩት። ብንኳረፍም ማሽላው ምን አደረገ ብሎ ተራውን ሰጠዎት።"

ዘካሪያስ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ ሰዓቱ አልቋል። የመጽሐፉን መልስ ይበሉና ያጠቃልሉ።"

"መጽሐፉ ጠላት ነው ይላል" አለ ጌታሁን ወደ ልጆቹ ዞሮ። "እሱ የሚናገረው ማንም ስላልጠለፈው ጎርፍ ይመስለኛል። የተጠለፈው መቼ ጠላት እንደሚሆን ግን እኔ አላውቅም። ነገ የኢኽላስን አባት ጠርተን እንጠይቀዋለን።"

አራት ዓረፍተ ነገር ጨርሷል። ኢስራ ጣቷን እየዘረጋች ቆጥራዋለች።

መዛኞቹ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው ነጥብ ደመሩ። ርእሰ መምህሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ውጭ ቆመ፤ ለጆሮው ይበቃዋል። ሰባተኛው ረድፍ፣ ከመጽሐፉ ጋር መጣጣም የሚለው፣ ያለ ክርክር ዜሮ ሆነ። ዘጠኙ ረድፍ ተደምሮ ሃምሳ ስድስት መጣ። የቀረው ስድስተኛው ነው።

"ዜሮ ነው" አለ ዘካሪያስ። "ተማሪ ፊት ቆሞ አላውቅም ያለን ሰው ይዘቱን ጠንቅቆ ያውቃል ብዬ ልፈርም?"

"የማያውቀው የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ነው የተናገረው" አለች ፈሪሀ። "አንተ ታውቃለህ?"

"ምኑን?"

"ቀዩን ጎርፍ ሜዳ ላይ ስንት ቀን ነው የሚያቆዩት?"

"እኔ የደጋ ሰው ነኝ።"

"እሱ መልስ አይደለም።"

"አላውቅም" አለ ዘካሪያስ።

"ይኸው። ከመምህሩ እኩል ታውቃለህ፤ መዛኝ ግን ነህ። እኔ አሥር ነው የምሰጠው።"

ዜሮና አሥር ተማክረው አምስት ሆኑ። ስልሳ አንድ።

ጌታሁን በእግሩ ወደ ቆቦ ሄደ፤ ባጃጅ አልያዘም። ሱቁ ሲደርስ ብርኽቲ ለአንዲት ሴት ጨው ትሰፍር ነበር።

"አለፍኩ" አላት።

ብርኽቲ ጣሳውን አንጠልጥላ ጠበቀች። ምንም አልተጨመረም።

"አለፍ… ምን?"

"አለፍኩ። ስልሳ አንድ።"

"ዋእ!" አለች። "ታዲያ እኔ ምን ልበል?" ከዚያ ደስታዋን የምታወጣበት ስታጣ ለሴትየዋ አንድ ጣሳ ጨው ሳትቆጥር ጨመረችላት።

ሌላ ሰው ሆነ ለማለት አይቻልም። አርብ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ "ልብ ደምን ይረ…" ብሏል፤ "…ጫል!" የሚለውም ጩኸት አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን በድረዲን መጣ። አካፋውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል ልጁ "አባ፣ እዚህ አይወለቅም" አለችው። ጌታሁን እጁን ይዞ ወደ ሰሌዳው አቀረበው። በልጆቹ ፊት ተጨባበጡ፤ ስለ አሸዋው ማንም አላነሣም።

ሃምሳ ስምንቱም ተገኝተዋል። ጌታሁን ከኋላ አንድ ባዶ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ጎርፍ ማለት…" አለ በድረዲን፤ ነገሩን ከየት እንደሚይዘው ሲያስብ ቆመ።

ሃምሳ ስምንት አፍ በልማዱ ተከፈተ። ምንም አልወጣም። ምን ሊል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አፎቹ አንድ በአንድ ተከደኑ፤ ጌታሁንም የራሱን ከድኖ ጠበቀ።